ሰምር አይጨስም

«ሰምር አይጨስም።» ይህችን አረፍተ ነገር የሰማሁትን ያህል የገዛ ስሜን ሲጠሩኝ አልሰማሁም። ማዳም ጠዋት ትላታለች፣ ቀትር ላይ ትላታለች፣ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ድምጿን ከፍ አድርጋ ትላታለች። ሰምር የግራር ዘመድ ነው፤ በኦማን ደረቅ ሸለቆዎች የሚበቅል እሾሃም ዛፍ። እንጨቱ ይከብዳል፣ ፍሙ ውሎ ያድራል፣ ሐልዋ የሚያበስል ሰው ከእሱ ሌላ እንጨት ወደ ምድጃው አያስጠጋም። ለምን ቢሉ፣ አይጨስማ! ታዲያ እንጨቱ የማይጨስ ከሆነ ያንን ቤት በጭስ የሚሞላው ማነው? ማዳም መልሱን አላጣችውም። ሐበሻዋ ናት።

ስንት ዓመት አልፎት እንኳ ይኼን ስጽፍ ጆሮዬ ይግላል።

ነገሩ የእኛ ሚሌኒየም ሊገባ አንድ ሁለት ዓመት ሲቀረው የሆነ ነው። አል ኹድ በሚባል የሙስካት ሰፈር፣ ከዩኒቨርሲቲው ብዙ በማይርቅ ትልቅ ነጭ ቤት ውስጥ ሁለት ሐበሾች ነበርን። እኔ ከወሎ የሄድኩ፣ ገና ሃያ ሦስት ዓመቴ። ሌላዋ ከጎንደር ገጠር የመጣች፣ በአሥራ አምስት ዓመት የምትበልጠኝ ሴት። እትዬ እላታለሁ፤ እሷ ስትቆጣ «አንቺ ልጅ»፣ ደስ ሲላት «እናቴ» ትለኛለች። ከቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ሁለት አልጋ ዘርግተን ነበር የምንኖረው። እኔ ስሰግድ እሷ ሬዲዮኑን ትቀንሳለች፤ እሷ ስትጾም እኔ ቅቤ የነካውን ማንኪያ ለይቼ አስቀምጣለሁ። በሃይማኖት ተጣልተን አናውቅም። የምንጣላው በመስኮት ነበር፤ እሷ ይከፈት ትላለች፣ እኔ አቧራ ይገባል ብዬ እዘጋዋለሁ።

የማዳም አባት በዘመናቸው የታወቁ ሐልዋ አብሳይ ነበሩ አሉ። ሐልዋ ስል የእኛ አገር ሱቅ በወረቀት ጠቅልሎ የሚሸጠውን ማለቴ አይደለም። ይኼኛው ከስኳር፣ ከስታርችና ከቅቤ የሚሠራ፣ ሄልና ሳፍሮን የሚገባበት፣ እንደ ወፍራም ማር የሚሳብ ቡናማ ጣፋጭ ነው። እዚያ አገር እንግዳ ያለ እሱ አይሸኝም። ማዳም የአባቷ ስም እንዳይጠፋ ከኩሽናው ጀርባ ለሐልዋ ብቻ የምትሆን ክፍል አሠርታለች። ውስጧ በጡብ የተገነባ ምድጃ አለ፤ ከፊቱ የብረት በር፣ ከላዩ አንድ ሙሉ በግ የሚውጥ የመዳብ ድስት፣ ከኋላው ጣሪያውን በስቶ የሚወጣ ቱቦ። ቱቦው ላይ በእጅ የሚዞር መዝጊያ አለ። በየሳምንቱ ረቡዕ ጠዋት እዚያ ይበስላል፤ ያኔ የሳምንቱ እረፍት ሐሙስና ዓርብ ስለነበር ለሐሙስ እንግዳ መድረስ አለበት። ክፍሏ አንድ መስኮት አለቻት፣ እሷም በማዳም ትእዛዝ ዝግ ናት። አቧራ ስኳሩ ላይ ይወርዳላ! የእኛ ሳንባ ላይ የሚወርደውን የጠየቀ ግን የለም።

ሥራው ተከፋፍሏል። እሳት የእሷ ነው፣ ውሃ የእኔ። እትዬ በሁለት ዓመት ቀድማኝ ስለገባች ኩሽናውና ምድጃው በእጇ ነው። እኔ ልብስ አጥባለሁ፣ መኪኖቹን አጥባለሁ፣ ገና ሲነጋጋ ደግሞ ግቢውን በጎማ አጥባለሁ። የዚያ አገር አቧራ ጉድ ነው፤ ትናንት የጠራ ንጣፍ ዛሬ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ማዳም ደግሞ ንጣፉ ላይ የእግር ዱካ ካየች ቁርስ አይወርድላትም። ስለዚህ ከዋናው በር ጀምሬ እስከ ኋላው ግድግዳ ድረስ፣ የአበባ ማሰሮ አልል፣ ወንበር አልል፣ የእንጨት ክምር አልል፣ አቧራና የሸረሪት ድር ባየሁበት ሁሉ ውሃውን እለቅበታለሁ። «ወላሂ ነዚፋ!» ትላለች ማዳም ለጎረቤቶቿ፤ በጣም ንጹሕ ናት ማለቷ ነው። በዚያ ቤት የተመሰገንኩበት ብቸኛ ነገር ይኸው ስለነበር ጎማውን ስይዝ ደረቴ ይነፋ ነበር።

እትዬ እሳት ስትለኩስ ግን የምትመሰገንበት ቀን አልነበረም። ክብሪቱን ጭራ በሩን ከመዝጋቷ ጭሱ በበሩ ጠርዝ፣ በድስቱ ዙሪያ፣ በጡቡ ስንጥቅ እየፈለቀ ይወጣል። ወፍራም፣ ቢጫ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ጭስ። እሷ በነጠላዋ አፏን ታስራለች፣ እኔ በሂጃቤ አፍንጫዬን እይዛለሁ፣ ሁለታችንም ለቅሶ ቤት እንደዋለ ሰው ዓይናችን ቀልቶ እናማስላለን። ሐልዋ ደግሞ ለአፍታ ከተዉት ከሥሩ ይይዛል፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ያለ ማቋረጥ በረጅሙ ማማሰያ መገረፍ አለበት። እየሳሉ ማማሰል፣ እያማሰሉ መሳል። ማዳም በኩሽናው በር ብቅ ትልና «ሌሽ ዱኻን? ሰምር ማፊ ዱኻን!» ትላለች። ለምን ይጨሳል፣ ሰምር ጭስ የለውም። ከዚያ ጣቷን እትዬ ላይ ቀስራ «ኢንቲ ማ ያእሪፍ ናር» ትጨምራለች። አንቺ እሳት አታውቂም።

እሳት አታውቂም! ሰርግ ተደግሶ፣ ሁለት ቀበሌ ሰው ተጠርቶ፣ በሰባት ጉልቻ ሰባት ብረት ድስት ጥዳ አንዱንም ያላሳረረች ሴት እኮ ናት እሳት አታውቂም የምትባለው። ማዳም ራሷ ክብሪት ስትጭር አይቻት አላውቅም። አባቷ እሳት ያውቁ ይሆናል፤ እሷ የምታውቀው አባቷ እንደሚያውቁ ብቻ ነው። እትዬ መልስ አትሰጥም፤ የምንጨረጨረው እኔ ነኝ።

«እትዬ፣ ለምን ዝም ትያታለሽ?»

«ምን ልበላት? ጭሱ እኮ አለ። ዋሸሽ አልላት።»

ይህ ትእግሥቷ ከማዳም ጩኸት የበለጠ ያበሽቀኝ ነበር።

አፏ ዝም ይበል እንጂ እጇ አላረፈም። በጭሱ ላይ ዘመተችበት። መጀመሪያ የያዘችው ቱቦውን ነው። ቱቦ ከቀዘቀዘ ጭስ አይስብም አለች። መዝጊያውን እስከ መጨረሻው ከፍታ፣ እንጨቱን ሳትነካ በፊት ቶሎ የሚነድ ነገር ቱቦው አፍ ላይ አቃጥላ ልታሞቀው ፈለገች። እጇ የገባው ባባ፣ የማዳም ባል ማለት ነው፣ አንብቦ የተወው ጋዜጣ ነበር። ከእጇ ነጠቅኳት። «የአላህ ስም ያለበት ነው እትዬ፣ አይቃጠልም!» ደነገጠች። «አላወቅኩም እናቴ፣ ይቅር በይኝ» አለችና ወረቀቱን በሁለት እጇ አንስታ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእንቁላል ካርቶን እናጠራቅም ጀመር። ማዳም የጣለችውን ካርቶን ከቆሻሻ በርሜል እያወጣን አልጋችን ሥር እንደረድር ነበር።

አንድ ረቡዕ ደግሞ ትልልቁን እንጨት ከታች፣ መካከለኛውን ከላዩ፣ ጭራሮውን ከሁሉም በላይ ደርድራ እሳቱን ከአናቱ ለኮሰችው። ሳቅኩባት።

«እሳት ቁልቁል ሲሄድ የት አየሽ፣ እትዬ?»

«ከሥር ስለኩሰው የላይኛው እንጨት ሳይነድ እየጋለ ይጨሳል። ከላይ ከሆነ ግን ጭሱ በነበልባሉ መሃል ሲያልፍ እዚያው ይቃጠላል። እስቲ እንየው።»

ሠራ። ጭሱ አልጠፋም፣ ግን ቀነሰ። ማንም አላስተማራትም፤ ምድጃው ፊት ተንበርክካ አይታ አይታ የደረሰችበት ነው። እኔ በበኩሌ ቶሎ ልገላገል ብዬ ምድጃውን እስከ አፉ የመጠቅጠቅ አመል ነበረብኝ። እጄን መታ አደረገችኝና «አፍነሽ ልትገድይው ነው? እሳትም ይተነፍሳል እኮ» አለች። እንጨት ሲጨመር ፍሙን ወደ በሩ ስባ አዲሱን ከኋላው ታስገባለች። በሩንም ባንዴ አትበረግደውም፤ መጀመሪያ አንድ ጣት ያህል፣ ቱቦው እስኪስብ ትንሽ ትቆያለች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ትከፍተዋለች። እኔ ብሆን ይኼን ሁሉ ለማዳም ሐልዋ አልጨነቅም ነበር፤ እሷ ግን ለሳንባዋ መሆኑን ታውቃለች።

ያም ሆኖ ጭሱ አልለቀቀንም። እንጨቱ እሳት ሲነካው ጫፍና ጫፉ ላይ አረፋ ያወጣል፣ ትስስ ይላል። «ይኼ እንጨት ያለቅሳል» ትል ነበር እትዬ። እኔ ጥፋቱን ሻጩ ላይ ለጠፍኩት። እንጨቱን በፒክአፕ የሚያመጣው አንድ ሽማግሌ ነበር፤ በሩን እየከፈትኩለት፣ በፈገግታ፣ በአማርኛ የማልሰድበው ስድብ አልነበረም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ለማዳም ያልደፈርኩትን ሁሉ እሱ ላይ እወጣበት ነበር። ሰውየው ግን እንጨቱን ሲያወርድ ሁለቱን ግንድ ያዝ አድርጎ እርስ በርስ ያጋጫቸዋል፤ ቂው የሚል ድምፅ ያወጣሉ። ደረቅ መሆኑን ሲያሳየኝ ነው። ያንን ድምፅ በየወሩ እየሰማሁ አንድ ጊዜ እንኳ አለማሰቤ ዛሬ ይደንቀኛል።

አንድ ሐሙስ የመጣች እንግዳ ሐልዋውን ቀመሰችና ሳህኑን በጨዋ ደንብ ገፋ አደረገችው። «ዱኻን» የምትል ቃል ብቻ ሰማሁ። የማዳም ፊት ከሰል መሰለ። እንግዳዋ እንደወጣች ኩሽና ስትገባ እትዬ ታስል ነበር። ሳሉ ከያዛት ሁለት ወር አልፎታል፤ ማዳም ግን ያን ቀን እንደ አዲስ ሰማችው። «ኢንቲ ማሪድ» አለቻት። አንቺ በሽተኛ ነሽ።

ከዚያ በኋላ የእትዬ ኩባያ ተለየ። ማዳም ራሷ የጥፍር ቀለሟን አምጥታ እጀታው ላይ ቀይ ነጥብ አደረገችበት፣ ከሌላው እንዳይደባለቅ። ቀይ ነጥብ! ደሜ ፈላ። ሳሎን ረስታው የሄደችውን ያንኑ ቀለም አንስቼ የእኔም ኩባያ ላይ አንድ ነጥብ ጣል አደረግኩ። እትዬ አይታ «አንቺ ልጅ፣ አብደሻል» አለችኝ። ግን ከሰዓት ሻይ ስንጠጣ ኩባያዋን ከኩባያዬ ጋር አጋጨችው።

ይህ ሁሉ ሲሆን የእትዬ የመኖሪያ ካርድ ሊያልቅ የቀረው ከሁለት ወር ያነሰ ነበር። ካርዱን ለማሳደስ ፈሕስ የሚሉት ምርመራ አለ፤ ደም ይወሰዳል፣ ደረት ራጅ ይነሳል። ደረቱ ላይ አንድ ነገር የተገኘበት ሰው ካርድ የለውም፣ ወደ አገሩ ነው። እትዬ ደግሞ ጎንደር ከተማ ነርስነት የምትማር አንዲት ልጅ አላት፤ ለመጨረስ አንድ ዓመት ቀርቷታል። እናትየው ከተመለሰች ልጅቷም ታቆማለች፤ ከእናቷ በቀር የሚያስተምራት ዘመድ የላትም። ልጅ ወልጄ ስለማላውቅ ያን ጊዜ ነገሩ ሙሉ በሙሉ አልገባኝም ነበር። «አንድ ዓመት ብቻ» ትል ነበር እትዬ፣ አመዱን እየጠረገች። «አንድ ዓመት ብቻ ይህ ደረቴ ይታገሠኝ።»

ማዳምን ተናገርኳት። በሰባራ ዐረብኛዬ፣ እጄን እያወራጨሁ፤ በሽታ አይደለም፣ ጭሱ ነው፣ የሚብስባት ረቡዕና ሐሙስ ነው፣ መስኮቱን ክፈቺልን አልኳት። አዳምጣ አዳምጣ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ሰምር ማፊ ዱኻን።» የክፍሉ ግድግዳ ከፊቷ ጠቁሮ ተገትሮ! በየሐሙሱ በሳሙናና በብሩሽ የምፈገፍገው ያ ጥላሸት ከሰማይ ነው የወረደው? ዓይኗ የሚያየውን አባቷ የነገሯት በለጠባት።

የምርመራው ቀን ደረሰና፣ ማክሰኞ ነበር፣ ባባ እትዬን በመኪናው ይዟት ሄደ። ከሰዓት ተመለሱ። ራጁ ላይ ጥርት ያላለ ነገር ታይቷል፣ አክታዋ ተወስዷል፣ ውጤቱ ከሳምንት በኋላ ነው አለ ባባ። እሱ ለስለስ ያለ ሰው ነው፤ እንጠብቅ አለ። ማዳም ግን የልጅ ልጆች አሉኝ አለች፣ ቲኬቱ ለቅዳሜ ይቆረጥ አለች፣ አለቀ። ውጤቱ ሳይመጣ! ሰው ፈርደውበት ከሸኙ በኋላ ምስክር የሚሰሙበት አገር የት አለ? እትዬ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መሬት መሬቱን ታያለች።

በማግስቱ ረቡዕ ግቢውን ሳጥብ ንዴቴ አልወጣልኝም ነበርና ውሃውን እንደ ጅራፍ አወናጭፈው ነበር። ክምሩ ዳር ያለ አንድ ግንድ ውሃው ሲመታው ተንሸራቶ ወደቀና ሆዱን ገለበጠ። ከላይ ነጭና ደረቅ የሆነው እንጨት ከሥሩ ጠቁሯል፣ አረንጓዴ ነገር አብቅሏል። በጥፍሬ ብጫነው ውሃ ተፋ። ሌላ አነሳሁ፣ እሱም እንዲሁ። ሌላም አነሳሁ። ከክምሩ ሥር ውሃ ተኝቷል። ንጣፉ እዚያ ጋ ወደ ግድግዳው ያዘነበለ ስለሆነ በየጠዋቱ የማፈሰው ሁሉ እዚያ እየተጠራቀመ ከእንጨቱ ሥር ይውል ነበር። የሙስካት ፀሐይ ደግሞ ሰዓት ሳይሞላ ላይ ላዩን አድርቃ ስለምታነጣው፣ ለማንደጃ የሚያነሳው ሰው ደረቅ ነው ብሎ ይወስደዋል። ሥሩን ገልብጦ ያየ አልነበረም።

ጎማው እግሬ ላይ እየፈሰሰ ቆሜ ቀረሁ። ሽማግሌው አላታለለንም። ማዳምም ስለ ሰምር አልዋሸችም። እትዬ እሳት ታውቃለች። ውሃው የእኔ ነበር። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነው፤ ያን ሁሉ ወር በሰው ላይ ስቆጣ ጭሱን በየጠዋቱ ራሴ እዘራው ነበር።

ከዚያ ያደረግኩትን ሳስበው ግማሹ ያኮራኛል። ግንዱን ታቅፌ፣ ውሃው ቀሚሴ ላይ እየወረደ፣ ኩሽና ገብቼ በነጩ ወለል ላይ ማዳም እግር ሥር አስቀመጥኩት። እትዬ እዚያው በሩ አጠገብ የሐልዋ ማማሰያዋን እያጠበች ነበር።

«ሹፊ ማዳም! ሀጣብ ማይ!» ብዬ ጮህኩ። እዪው፣ እንጨቱ ውሃ ነው። «ጭሱ ከዚህ ነው የመጣው! ሳሉ ደግሞ ከጭሱ!»

ማዳም ጎንበስ አለች። ግንዱን ነካችው፣ የረጠበ ጣቷን አየችው። ፊቷ ተለወጠ። በአላህ እምላለሁ፣ ያን ቅጽበት አምናኝ ነበር። ቀና ብላ የጠየቀችኝም በቁጣ አልነበረም።

«ማይ ሚን ወይን?» ውሃው ከየት መጣ?

አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትፈለገው። «አና» ማለት፤ እኔ ነኝ ማለት። እትዬ ከሄደች ቀጥሎ የምሸኘው እኔ ነኝ ብዬ ፈራሁ። ነዚፋ የተባልኩበት ጎማ ፊቴ ላይ መጣብኝ። ይኼ ሁሉ ግማሽ ትንፋሽ በማይሞላ ጊዜ ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

«መጠር» አልኩ። ዝናብ።

ያን ሰሞን ሙስካት ላይ አንዲት ጠብታ አልወረደችም ነበር። ከዚያ ቀደም ባለው ሳምንት በየመስጊዱ የዝናብ ሶላት ተሰግዷል፤ እኔም ክፍሌ ውስጥ ሆኜ ዱዓ አድርጌያለሁ። ማዳም ሳቀች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ጓደኛዋን ለማስቀረት ግንድ ባልዲ ውስጥ ነክራ ያመጣች ውሸታም አድርጋ ቆጠረችኝ፤ ምን ይፈረድባታል? «ኻላስ፣ ያላ» አለች። ይበቃል፣ አውጪው። ወለሉንም አድርቂ።

ቀና ስል እትዬ ታየኛለች። እኔን አየች፣ ግንዱን አየች፣ ከዚያ በተከፈተው በር ወደ ግቢው፣ እየፈሰሰ ጥዬው ወደመጣሁት ጎማ ተመለከተች። ዓይኗን መለሰችና ማማሰያዋን ማጠብ ቀጠለች።

እስከ ቅዳሜ ሦስት ቀን ነበረኝ። ረቡዕ፣ ማዳም ብቻዋን ስትሆን እነግራታለሁ አልኩ። ብቻዋን ስትሆን ደግሞ ባባ ሲኖር ይሻላል አልኩ፣ እሱ ይራራል። ሐሙስ እንግዳ መጣ፣ በእንግዳ ፊት አይሆንም አልኩ። ዓርብ ባባ ከመስጊድ ሲመለስ በር ላይ ጠብቄው «ባባ» ብዬ ጠራሁት። ቆመ። «ምሳው ቀርቧል» አልኩት። ለሰው ሁሉ የሚተርፍ ቁጣ የነበረኝ ሴት፣ ለእውነት የሚሆን ድፍረት ፈልጌ አጣሁ። እትዬ ሦስቱንም ቀን አልጠየቀችኝም፣ አልተኮሳተረችብኝም። ብትሰድበኝ ኖሮ ምናልባት እናገር ነበር እያልኩ በእሷም ላይ ተቆጣሁ። እዚህ ድረስ ነበር ንዴቴ ያደረሰኝ።

ቅዳሜ ረፋድ ሻንጣዋን ጭነን መኪናው በር ላይ ቆምን። ጉንጬን ሦስት ጊዜ ሳመችኝ። «እንጨቱን ጣሪያ ላይ አውጪው» አለችኝ በጆሮዬ። «እዚያ ከፀሐይ በቀር የሚደርስበት የለም።» ገባች፣ ሄደች። ቀይ ነጥብ ያለባቸው ሁለት ኩባያዎች መደርደሪያው ላይ ቀሩ።

ውጤቱ በሚቀጥለው ሳምንት መጣ። ባባ ወረቀቱን ይዞ እስከ ኩሽና ገባ። «ማፊ ማረድ» አለ፤ በሽታ የለም። ድምፁ ሰለል ያለ ነበር፣ ወረቀቱንም የት እንደሚያስቀምጠው አላወቀም። ማዳም «አልሐምዱሊላህ» አለችና ሻይ እንዳፈላላት ጠየቀችኝ። አልሐምዱሊላህ! የአንዲት እናት ኑሮ ተነቅሎ ወጥቶ፣ የአንዲት ልጅ ትምህርት ተቋርጦ፣ አንዲት አልሐምዱሊላህና አንድ ብርጭቆ ሻይ! ሻዩን አፈላሁ። ከዚህ ሌላ ያደረግኩት ነገር የለም።

እንጨቱን አንድ በአንድ ተሸክሜ ጠፍጣፋው ጣሪያ ላይ አሰጣሁት። ምድጃውም አሁን የእኔ ሆኗል። ሦስተኛው ረቡዕ ላይ ጣሪያ የዋለውን እንጨት አነደድኩ። መዝጊያውን ከፈትኩ፣ ካርቶኑን ቱቦው አፍ ላይ አቃጠልኩ፣ ትልልቁን ከታች፣ ጭራሮውን ከላይ፣ እሳቱን ከአናቱ። ስጨምርም በሩን መጀመሪያ አንድ ጣት። እትዬ እንዳደረገችው፣ አንድም ሳላጓድል። እንጨቱ አላለቀሰም። ነበልባሉ ጥርት ብሎ ወደ ቱቦው ወጣ፣ ክፍሏ ውስጥ የሚሸተው ሄልና ቅቤ ብቻ ነበር። ማዳም ገብታ ግድግዳውን በጣቷ ዳሰሰች፣ ጣቷን አየችው። ከጎረቤት መጥታ አብራት ለነበረችው ሴት የነገረቻትን ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«አየሽ? ሰምር አይጨስም። ያቺ ሐበሻ ሄደች፣ ጭሱም አብሯት ሄደ።»

በደረቁ እንጨት፣ በገዛ እጄ፣ የእትዬን ጥፋተኝነት አረጋግጬላቸዋለሁ። እሷን ለምን ዝም ትያለሽ እያልኩ የኖርኩት እኔ ማማሰያውን ይዤ ዝም አልኩ።

ከአራት ወር በኋላ ሐምሪያ በሚባል ሌላ የሙስካት ሰፈር የምትሠራ አንዲት የጎንደር ልጅ ከአገሯ ስትመለስ ካሴት አመጣችልኝ። ያኔ መጻፍ የማይሆንለት ሰው ድምፁን ቀድቶ ይልክ ነበር። ማዳም የቀትር እንቅልፏን ስትተኛ ክፍላችን ገብቼ በሩን ዘጋሁና ካሴቱን ከፈትኩት። እትዬ ሰላምታዋን አስረዘመችው፤ እኔን፣ እናቴን፣ ባባን፣ ማዳምን ሳይቀር ጠየቀች። ልጇ ትምህርቱን ለጊዜው እንዳቆመች፣ አንድ ሱቅ እንደተቀጠረች፣ እግዜር ካለ እንደምትቀጥል ነገረችኝ። ይኼን ስትል ድምፅዋ ትንሽ ወረደ፣ ከዚያ ጉሮሮዋን ሳትጠርግ ቀጠለች። ዘንድሮ አገሩ ጥጋብ ነው፣ ዝናቡ በጊዜው ገብቷል አለች። ቀጥሎ የካሴቱ መዞር ብቻ ይሰማል። ላጠፋው እጄን ስዘረጋ ተመለሰች።

«እኔ የምልሽ እናቴ፣ እዚያስ ዝናቡ አባራልሽ ወይ?»

ከዚያ ሳቀች። ያ የማውቀው ሳቋ ነው፣ ከሆዷ የሚመጣው፣ ምድጃው ፊት በሳቀች ቁጥር ሳል እየቆረጠው ጨርሳው የማታውቀው። አሁን እስከ መጨረሻው ሳቀችው። አንድም ጊዜ አላሳለችም።